ስድስት መቶ ዙር

«ቲቸር፣ በሞቴ፣ ቪዲዮው ይቅረብ!»

ርዕሰ መምህሩ የቤተ ሙከራውን በር በጀርባው ደግፎ ቆሟል። የፊዚክስ መምህርቷ በሁለት እጇ ካርቶን አቅፋለች፤ ብብቷ ውስጥ የስም መጥሪያ ደብተር ወሽቃለች፤ በጥርሷ ጠመኔ ነክሳለች። ለመመለስ መጀመሪያ ጠመኔውን መትፋት ነበረባት። ተፋችው።

«ከበሩ ዞር በል» አለችው።

«ሱፐርቫይዘሩ ሊደርስ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው። ስክሪኑ ተገጥሟል፣ ቪዲዮው ተጭኗል። ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ማግኔቱ ይገባል፣ ማግኔቱ ይወጣል፣ መብራቱ ቦግ እልም ይላል፤ ሙዚቃም አለው። ምንም የሚበላሽ ነገር የለውም።»

«እሱ ነው እኮ ችግሩ።»

«ምኑ?»

«አለመበላሸቱ! ላም አለኝ በሰማይ ነው የአንተ ነገር። ልጆቹ ስክሪን ውስጥ ያለውን ማግኔት በየትኛው እጃቸው ነው የሚነቀንቁት? ዞር በል ብያለሁ፤ ክንዴ ዛለ።»

ዞር አለ። ርዕሰ መምህር ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የእሷ ተማሪ ነበር፤ ያውም የኋላ ወንበር ተማሪ። ዛሬም ድምጿ ከፍ ሲል እጁ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈልጋል። ሰው ፊት «እርስዎ» ትለዋለች። ብቻቸውን ሲሆኑ ግን የትኛው አፏ እሺ ብሏት!

የዕለቱ ጉዳይ ቀላል አልነበረም። ከትምህርት ቢሮው ደብዳቤ የመጣው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። አገልግሎት የማይሰጡ ቤተ ሙከራዎች ተዘግተው የስክሪን ክፍል ይሆናሉ ይላል። በዙሪያው ያሉ ሦስት ትምህርት ቤቶች ክፍላቸውን አስረክበዋል። እዚህም አንድ ሱፐርቫይዘር መጥቶ አንድ ክፍለ ጊዜ ያያል፤ አይቶም ቅጹ ላይ ከሁለት አንዱን ሳጥን ያመለክታል። «ይቀጥል» ወይም «ይለወጥ»። በቃ፣ ይኸው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማረችበት ክፍል በአንዲት የእስክሪብቶ ጭረት ይወሰናል።

ክፍሉም ቢሆን ለዓይን የሚሞላ አልነበረም፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ከስድስቱ የውኃ ቧንቧዎች የሚሠራው አንዱ ነው፤ እሱም ማንጠብጠብ እንጂ መፍሰስ አይችልበትም። ጠረጴዛዎቹ ላይ የሦስት ትውልድ ተማሪ ስሙን ቀርጿል። መርፌው ከተጣበቀ ዓመታት ያለፉት የኤሌክትሪክ መለኪያ ቁምሳጥኑ ውስጥ እንደ ጡረተኛ ተቀምጧል። እሷ ግን አትጨነቅም። የዛሬውን ሙከራ በየዓመቱ ሠርታዋለች፤ ዓይኗን ጨፍና ትሠራዋለች። ከቀጭን የመዳብ ሽቦ በፕላስቲክ ቱቦ ላይ የተጠመጠመ ስድስት መቶ ዙር፣ አንዲት ጤፍ የምታህል አምፖል፣ አንድ ጠንካራ ማግኔት። ማግኔቱ በቱቦው ውስጥ ሲመላለስ አምፖሏ ትበራለች። ማግኔቱ ሲቆም ትጠፋለች። ተማሪዎቿ «ሽቦ» የሚሏት ለዚሁ ነው፤ በአንድ በኩል ሽቦ ከእጇ ስለማይጠፋ፣ በሌላ በኩል ቀጭን ሆና ስለማትታጠፍ። ታውቃለች። ደስ ይላታል እንጂ አትቆጣም።

ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ ከፈተችው። «ወይ ጉድ!» አለች።

ባለፈው ሳምንት ሙከራው የሚቆምበት ጣውላ ወድቆ ተሰንጥቆ ነበር። አዲስ እንዲሠራላት ለታናሽ ወንድሟ ሰጠችው። ወንድሟ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ሰው ቤት የገጠመው መስመር አሥር ዓመት ቆይቶ ቢታይ የውኃ ልኩን አይስትም። ይኸው ዛሬ ጠዋት በሞተር ሳይክሉ አምጥቶ በር ላይ አስረከባት። ጣውላው ተልጎ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ከሥሩ እንደ ሳጥን ተዘግቶ በአራት ብሎን ታስሯል። ጥቅሉ ደግሞ ከላይ እስከ ታች በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሎ ሱፍ የለበሰ ሙሽራ መስሏል። ስታነሳው ትንሽ ቀለል አላት። አዲሱ ጣውላ ነው፣ ብላ አለፈችው።

መሞከር ነበረባት። ለተማሪዎቿ በየዓመቱ መጀመሪያ የምትነግረው ሕግ ነው፦ ያልፈተሻችሁትን ዕቃ ክፍል ይዛችሁ አትግቡ። ግን ርዕሰ መምህሩ «ወንበሮቹ!» አለ፤ ወንበር ደረደሩ። ቀጥሎ «መጋረጃው!» አለ፤ መጋረጃ ሰቀሉ። ደግሞስ ወንድም የሠራውን መፈተሽ ወንድምን መጠርጠር መስሎ ይሰማል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼኔ ነው። ማግኔቱን እንደ ልማዷ ነጭ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ጨመረችው፤ ጠረጴዛ ላይ ከዋለ የሚሰርቀው አይጠፋም።

ደወሉ ሲደወል ሃምሳ ሁለት ተማሪዎች ገቡ። ከኋላቸው ሱፐርቫይዘሩ ገባ። ሸበቶ ነው፤ ጫማው ተወልውሏል፣ ተረከዙ ግን አልቋል። ቀደም ሲል ታሪክ አስተማሪ ነበር ይባላል። ቅጹን በማስደገፊያ ሰሌዳ ላይ ቆንጥጦ ይዟል። ከክፍሉ ጀርባ ከተደረደሩት ሦስት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠ፤ ሁለተኛው ላይ ርዕሰ መምህሩ፣ ሦስተኛው ላይ ወንድሟ። ወንድሟ የመጣው በወላጅ ተወካይነት ነው፤ ሴት ልጁ ከሃምሳ ሁለቱ አንዷ ናት። ለሠርግ ካልሆነ የማያወጣውን ጃኬት ለብሷል። የመሣሪያ ቦርሳውን ግን እግሩ ሥር አስቀምጧል፤ ያለ ቦርሳው የትም አይሄድም።

መምህርቷ እጆቿን አፋተገች።

«ዛሬ የምነግራችሁን አንድም ነገር አትመኑኝ» ብላ ጀመረች። «ዓይናችሁን ብቻ እመኑ። ይኸውላችሁ ሽቦ። ይኸውላችሁ አምፖል። ሶኬት ይታያችኋል?»

«አይታየንም!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«ባትሪስ?»

«የለም!»

«የለም። ባትሪ የሚባል ነገር እዚህ ጠረጴዛ ላይ ዝር አይልም። እንግዲያው መብራቱ ከየት ይመጣል? ከእንቅስቃሴ ነው። ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲንቀሳቀስ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ማግኔቱ ሲቆምስ? እስከ ማታ ቁጭ ብላችሁ ብትለምኑት ጠብ የሚል ነገር የለም። ልብ በሉ፣ ሲንቀሳቀስ ብቻ!»

ይህን እያለች የመጨረሻውን የሽቦ ጫፍ ከአምፖሏ እግር ጋር አገናኘች።

አምፖሏ ቦግ አለች። ቦግ ብላም ቀረች፤ ደማቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ቅንጣት የማይርገበገብ ብርሃን። ከኋላ ወንበር ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል።

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ርዕሰ መምህሩ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። ሱፐርቫይዘሩ አንገቱን እየነቀነቀ ያጨበጭባል። ወንድሟ ከሁሉም በላይ ያጨበጭባል።

እሷ ግን ቀኝ እጇ ገና ወደ ካፖርቷ ኪስ እየሄደ ነበር። ጣቶቿ የሚፈልጉትን አገኙ። ማግኔቱ እዚያው ነው። ከኪሷ አልወጣም!

«ወይ አንተ ልጅ» አለች በሆዷ።

ነገሩ ወዲያው ገባት። ከሁለት ዓመት በፊት በወላጆች ቀን ይህችው አምፖል እንቢ ብላት ነበር። አንድ ጫፍ ላልቶ ነው፤ አሥር ደቂቃ ፈልጋ አግኝታዋለች። ወንድሟ ግን ያን አሥር ደቂቃ ሙሉ እህቱ በሰው ፊት ስታልብ አይቷል። ማታውኑ «እትዬ፣ ሥራ ደንበኛ ፊት መክዳት የለበትም» ብሏት ነበር። ያኔ የሳቀችበት ነገር አሁን በቫርኒሽ ተለብጦ ፊቷ ቆሟል። ለእሱ መብራት ማለት በርቶ የሚቀር ነገር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ገብቶ ማብሪያውን ተጭኖ «በራ» ብሎ ወጥቷል። ለእሷ ግን ትምህርቱ ያለው መጥፋቱ ላይ ነው።

«ይበቃኛል» አለ ሱፐርቫይዘሩ። እስክሪብቶውን አውጥቶ ቅጹ ላይ ሲያመለክት በዓይኗ አየችው። «ስምንት ትምህርት ቤት ዞሬያለሁ፤ እንዲህ ሳያንገራግር የበራ አላየሁም። ክፍሉ ይቀጥላል።»

ርዕሰ መምህሩ ከኋላው ሆኖ በሁለት እጁ ምልክት ሰጣት፦ እዚህ ላይ ያቁሙ፣ ስለ ፈጠረዎት እዚህ ላይ ያቁሙ።

ፈራች። ምን ይደበቃል፣ ፈራች። ዝም ካለች ክፍሉ ተረፈ። ተናገረች ማለት ክፍሉ ሄደ፤ ወንድሟም በገዛ ልጁ ፊት ተዋረደ። ክፋት አስቦ ደግሞ አይደለም፤ እህቴ እንዳታፍር ብሎ ነው። ነገ ባትሪውን አውጥታ፣ ጫፉን አስተካክላ፣ ለልጆቹ በደንብ ደግማ ብታሳይ ማን ይጎዳል? ክፍሉ ካለ ነገም አለ። ምላሷ ጫፍ ላይ «አመሰግናለሁ» የሚል ቃል ደርሶ ነበር።

ያን ጊዜ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ እጅ ተነሳ።

የወንድሟ ልጅ ናት። ቤት ውስጥ «አክስቴ» እያለች አንገቷ ላይ የምትጠመጠም፣ ክፍል ውስጥ ግን አይታት እንደማታውቅ የምትሆን ልጅ። አላጨበጨበችም። ዓይኗ አምፖሏ ላይ ተተክሏል፤ ግንባሯ ተቋጥሯል። እጅ ማውጣት አመሏ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ጊዜ ብታወጣ ነው።

እጅ አይቶ እንዳላየ ማለፍ ቀላል ነው። መምህር ሆኖ ያላለፈ ማን አለ? ሰዓት አለቀ ይባላል፤ በኋላ ይባላል። መምህርቷ ልጅቷን አየቻት። ከዚያ ከጀርባ ጥርሱን ገልጦ የተቀመጠውን አባቷን አየች። ከዚያ እንደገና ልጅቷን።

«አንቺ» አለች። «ተናገሪ።»

ልጅቷ ተነሳች። «ቲቸር… ማግኔቱ የታለ?»

ከፊት አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። የሁሉም ዓይን ጠረጴዛውን ዳሰሰ። መምህርቷ ማግኔቱን ከኪሷ አወጣችና ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«ኪሴ ውስጥ ነበር» አለች። «ጎበዝ። ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።» ቀና ብላ ወደ ኋላ ተመለከተች። «ጌታዬ፣ ያደረጉትን ምልክት ይሰርዙልኝ። ሙከራው አልሠራም።»

«እንዴት አልሠራም? ይኸው በርቷል እኮ!» አለ ሱፐርቫይዘሩ።

«ለዚያ ነው አልሠራም የምልዎት። ማግኔቱ ኪሴ ውስጥ ተኝቶ አምፖል ከበራ አንድ የተደበቀ ነገር አለ።»

ከካፖርቷ ላይኛው ኪስ ትንሽ ካቻቢት አወጣች። ጣውላውን ገልብጣ አራቱን ብሎኖች ፈታች። ከውስጥ ሁለት የግድግዳ ሰዓት ባትሪዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ እንዳይንቀሳቀሱ በስፖንጅ ሳይቀር ተደግፈዋል። አንስታ ጠረጴዛው ላይ አቆመቻቸው። አምፖሏ ጠፋች።

«ጉዳችን ፈላ» አለ ርዕሰ መምህሩ። በልቡ ያለው መስሎት ነበር፤ ሁሉም ሰማው።

የሱፐርቫይዘሩ ፊት ተለወጠ። «ይህ ማታለል ነው» አለና ቅጹ ላይ ያደረገውን ምልክት ሰረዘ። «ማነው ያስገባው?»

«ሳልፈትሽ ክፍል ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ። የሚጠየቀውም እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ ያስገባሁት» አለ ወንድሟ። ተነስቷል። ጃኬቱ ድንገት የጠበበው ይመስላል። «እሷ አታውቅም። እኔ ነኝ።»

«ቁጭ በል አንተ» አለችው።

«አልቀመጥም! ያኔ እንደ ሆንሽው እንዳትሆኚ ብዬ ነው እንጂ ምን አጥፍቻለሁ? መብራት እንዲበራ አይደል እንዴ የፈለግሽው?»

«እንዲጠፋም እፈልጋለሁ!»

«የሚጠፋ መብራት ሠርቼ ማን ይከፍለኛል?» አለ፤ ከልቡ ነው የጠየቀው። ተማሪዎቹ ከት ብለው ሳቁ። እሱ ሳይወድ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ግን ልጁን አያትና ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ልጅቷ ገና አልተቀመጠችም። እንባዋ መጥቷል።

«አባዬ፣ አንተ መሆንህን አላወቅሁም» አለች።

«ብታውቂስ ኖሮ ዝም ልትዪ ነበር?» አላት። ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። «እንግዲያው አታልቅሺ። ዓይን አለሽ። ከእኔ ያልወረስሽው ነው።»

መምህርቷ በዚህ መሀል ናስትሮውን መላጥ ጀምራ ነበር። ሁለት ዙር ላጠችና እጇ ቆመ።

«ሽቦዬ የት ሄደ?»

ወንድሟ ቦርሳውን በእግሩ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋ።

«ስንት ዙር ነው የተውክልኝ?»

«ሰማንያ።»

«ሰማንያ! ስድስት መቶ ነበር እኮ!»

«እትዬ፣ ረጅም ሽቦ ኃይል ይበላል። ይህን ያህል ሽቦ ጠምጥሞ የሚሠራ ባለሙያ አላየሁም። ለአንዲት አምፖል! አሳጥሬ አሳመርኩልሽ።»

ባትሪውን ይቅር ብላዋለች፤ ይህኛው ግን አንጀቷ ላይ ደረሰ። ከስድስት መቶው እያንዳንዷን ዙር በጣቷ ነው ያዞረቻት፤ አንድ ክረምት ሙሉ። «እና የቀረውን ጣልከው?»

«መዳብ ይጣላል እንዴ!» አለ። ከተነሳ ጀምሮ እውነተኛ ቁጣ የተሰማው አሁን ነው። ጎንበስ ብሎ ቦርሳውን ከፈተና በእንጨት ማጠንጠኛ ላይ በሥርዓት የተጠቀለለ ሽቦ አውጥቶ አሳየ።

ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቱን ተመለከተ። ተነስቷል። «መምህርት፣ ያዘንኩ መሆኔን ልነግርዎት እወዳለሁ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አሥራ ሰባት ደቂቃ ነው የቀረው። እኔም መኪና ይጠብቀኛል።»

«አሥራ ሰባት ደቂቃ ይበቃናል» አለች። ድምጿ ተመልሷል። የተደበቀ ነገር ስለሌለ ቀለል ብሏታል። «ባትሪውን ለማየት ጊዜ አግኝተዋል፤ ሽቦውንም ይዩት። ይቀመጡ። እናንተ ሁለታችሁ፣ ኑ፣ ቱቦውን ከጣውላው አንስታችሁ ግራና ቀኝ ይዛችሁ አሽከርክሩ። አንቺ አባትሽ አጠገብ ሁኚና ሽቦውን አቅኚ። አንተ ሽቦውን ከጥቅሉ ጋር ቀጥልና ማጠንጠኛውን ያዝ፤ አታጥብቀው፣ ይበጠሳል። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ! ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ከዞረ አንዱ የሠራውን ሌላው ያፈርሰዋል። ርዕሰ መምህር፣ እርስዎ ሰሌዳው ላይ በየመቶው አንድ መስመር ያስምሩልን። የቀራችሁ ቁጠሩ!»

ርዕሰ መምህሩ ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለና ወደ ሰሌዳው ሄደ። ተማሪዎቹ ሰማንያ አንድ ብለው ጀመሩ። መጀመሪያ ዝግ ብለው ነበር፤ መቶ ሃምሳ ሲደርሱ ዜማ ያዘ። ቱቦው ይሽከረከራል፣ ሽቦው በልጅቷ ጣቶች መሀል እየሾለከ ጎን ለጎን ይተኛል፣ አባቷ ማጠንጠኛውን በሁለት አውራ ጣቱ ደግፎ ይለቃል። «እንዳትደራርቢው» ይላታል። «አልደረብኩም» ትላለች። ሁለት መቶ ሰባ ላይ ሽቦው ተቆላለፈና ቆሙ። ወንድሟ ፈታታው፤ ባለሙያ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው፣ ይህን የሚክድ የለም። ሦስት መቶ ሲሉ ርዕሰ መምህሩ መስመሩን ረሳና ሃምሳ ሁለት ሰው በአንዴ ጮኸበት። «ድሮም እንዲሁ ነበር!» አለች መምህርቷ። ሳቁ ቁጥሩን ሊያስታቸው ሆነ። አራት መቶ ላይ ሱፐርቫይዘሩ ወንበሩን ትንሽ ወደ ፊት ሳበ። አምስት መቶ ላይ እንደገና ሳበ።

ስድስት መቶ ሲሉ አራት ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

ጫፎቹን አገናኘች። መጋረጃው ተዘጋ። ማግኔቱን ቱቦው ውስጥ ከታ ሁለቱንም አፍ በባትሪዎቹ ስፖንጅ ወተፈችና ነቀነቀች። ምንም የለም። ደግማ ነቀነቀች። ምንም።

«ቫርኒሹ ነው» አለ ወንድሟ በጨለማው። «ሽቦው ቫርኒሽ የተቀባ ነው፤ ጫፉ በደንብ አልተፋቀም። አምጪው።» ከቦርሳው ብርጭቆ ወረቀት አውጥቶ በመዳሰስ ብቻ ሁለቱን ጫፎች ፋቀ፣ ፋቀ፣ በሱሪው ጠረገ፣ አሰረ። «ባትሪ አልጨመርኩም» አለ። ክፍሉ እንደገና ሳቀ።

ነቀነቀች።

የእሳት ራት ክንፍ የምታህል ብርሃን ብልጭ አለች። ጠፋች። ብልጭ አለች። ጠፋች። ከኋላ ያሉት አላዩም፤ ወንበር ላይ ወጡ። ከፊት ያሉት ትንፋሻቸውን ይዘዋል። «አየኋት!» አለ አንዱ። «አየኋት፣ እኔም አየኋት!» ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም ማየት ነው የያዘው።

ሱፐርቫይዘሩ በተማሪዎቹ መሀል እየተጋፋ ጠረጴዛው ድረስ መጣ። «በቃ፣ ይህችው ናት?»

«ይህችው ናት።»

«የመጀመሪያው ይበልጥ ነበር።»

«በጣም እንጂ። የባትሪ ነዋ።»

«ልሞክረው?»

ሰጠችው። ቱቦውን እንደ መድኃኒት ጠርሙስ በጥንቃቄ ነቀነቀው። ምንም አልታየም። «በኃይል!» አሉት ተማሪዎቹ። በኃይል ነቀነቀ፤ ሸበቶ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ወደቀ። ብልጭ አለች። ሳቀ። ነቀነቀ፣ ብልጭ፤ ቆመ፣ ጠፋች። እንደገና ነቀነቀ፣ እንደገና ቆመ። ሳቁን ተወ። ቱቦውን ወደ ጆሮው አስጠጋ፤ ምን ሊሰማ እንደሆነ እሱ ያውቃል።

«ግን ማግኔቱ አሁንም ውስጡ አለ» አለ ቀስ ብሎ። «አልወጣም። ሽቦውም አለ። ሁሉም እዚሁ አለ። ታዲያ ሲቆም ለምን ትጠፋለች?»

ርዕሰ መምህሩ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «ቲቸር፣ ይንገሩት! ቶሎ ይንገሩትና እንገላገል፤ ቅጹ እጁ ላይ ነው።»

መልሱ ጉሮሮዋ ላይ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማረችው መልስ ነው፤ በሦስት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ሰውየው ሰምቶ «አሃ» ይላል፣ ያመለክታል፣ መኪናው ውስጥ ይገባል። ደግሞ ሰምቶ ላያመለክትም ይችላል። አፏን ከፈተች።

ዘጋችው።

«የሰኞ ትምህርት ነው» አለችው። «ሰኞ፣ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ። እዚሁ ክፍል።»

«ዛሬ ቅጹን ማስረከብ አለብኝ እኮ።»

«እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ሰኞ ነው የማስተምረው።»

ደወሉ ተደወለ። የተነቃነቀ ተማሪ አልነበረም። ሱፐርቫይዘሩ ቱቦውን በአንድ እጁ፣ ቅጹን በሌላ እጁ ይዞ ቆመ። የመጀመሪያው ምልክቱ እንደ ተሰረዘ ነው፤ ከጎኑ ያለው ሳጥን ባዶ ነው። ቱቦውን አንድ ጊዜ ነቀነቀ፤ ብልጭ ብላ ስትጠፋ ተመለከተ። ከዚያ ቅጹን ለሁለት አጥፎ ጃኬቱ ውስጥ ጨመረውና «በስንት ሰዓት ነው ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ?» አለ።